ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድባቴ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይኬዳል?

ጥያቄ፦ እህቴ ከወለደች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ልጁ ተኝቶም እሷ እንቅልፍ የላትም። ታለቅሳለች፤ «ለዚህ ልጅ እናት መሆን አልቻልኩም» ትላለች። እናታችን «የአራስ ነው፣ ያልፍላታል» ትለናለች። የምታውቁት ቦታ ካለ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት እህቴ። እናታችሁ ያለምክንያት አላሉትም። በወለዱ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ብዙ እናቶች ሆድ ይብሳቸዋል፣ ያለቅሳሉ። እሱ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። የእህትሽ ከዚያ አልፏል። የሚታከም የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል መታየት አለባት። ልጇን ስላልወደደች ወይም ስለሰነፈች የመጣ አይደለም።

እኔ የምመርጠው ከጤና ጣቢያ መጀመርን ነው። ለልጁ ክትባት በ10 እና በ14 ሳምንቱ መሄዳችሁ አይቀርም። ያን ቀን ለእሷም ካርድ አውጡላት። ነርሷን «ድባቴ እንዳለባት ይታይልን» በሏት፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ኤድንብራ የሚባል 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራም ጠይቁ፤ ሁለቱም ድካምና መከፋት ያመጣሉ። የጤና ጣቢያ ችግሩ ሰልፉ ነው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያም ሁሉም ጋ አይገኝም። «ድካም ነው» ብለው ከመለሷችሁ ሪፈር ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ሁሉም ዓይነት ታካሚ የሚገባበት ግቢ ስለሆነ፣ ሰው ያየኛል ብላ ለምትሳቀቅ እናት ይቀላል። ቀጠሮው ግን ሊርቅ ይችላል።

የአእምሮ ሆስፒታሉ አማኑኤል ሲባል ሰው ይደነግጣል። ይሄ ፍርሃት ስንቱን ቤት አስቀርቶታል! የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ ወይም ራሷን አለዚያም ልጁን ስለመጉዳት ካነሳች ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ወደ አማኑኤል፣ ካልሆነም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። እስከዚያ ብቻዋን አትተዉአት።

አቅም ካላችሁ የግል አማካሪ ጥሩ ነው፤ ረጋ ብሎ ያዳምጣታል። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ድባቴው ካልከፋ በደንብ ይሠራል። ግን ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም። ከመክፈላችሁ በፊት አራሶችን አክሞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት።

መድኃኒት ከታዘዘላት ጡት እንደምታጠባ ለሐኪሙ ትንገረው። ሰርትራሊንን የመሰሉ፣ ወደ ወተት በጣም በጥቂቱ ብቻ የሚያልፉ የድባቴ መድኃኒቶች አሉ። ስለዚህ «ጡት አስጥሏት» የሚል ጎረቤት አትስሙ። ጸበል ብትሄድም መድኃኒቷን አታቋርጥ።

ሌላ መልስ፦ አሜሪካ ላላችሁ 1-833-852-6262 አለ። ለነፍሰ ጡሮችና ለወለዱ እናቶች የተከፈተ ነጻ ስልክ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ባልም ሆነ እህት ደውሎ ማማከር ይችላል።