500 በራሪ ወረቀት ታትሟል፣ የተጻፈው ግን ውሸት ሆኖ ተገኘ! ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጀመዓ፣ ቶሎ ድረሱልኝ። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ የእናቴን ቤት የእንግዳ ማረፊያ አድርጌ ከፍቻለሁ። ለበራሪ ወረቀቱ ጽሑፍ ከአንድ የቆየ የአስጎብኚ ገጽ ገለበጥኩ። «ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የኖረበት፣ ዩኔስኮ የመዘገበው ቤት» ይላል። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን አባባ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ልጄ፣ አባቴ ግንበኛ ነበር። ይሄን ቤት ሲሠራ ድንጋይ የማቀብለው እኔ ነበርኩ» አሉኝ። መሬት ዋጠችኝ። ነገ ከድሬ እንግዶች ይመጣሉ፤ ወረቀቱ በካርቶን ተደርድሯል።

ፈረስ መጋላ፦ ስቲከር አሠሪና መስመሩ ላይ ለጥፊበት። አለቀ።

ከዚራ፦ እህቴ፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል። «ከሌላ ቦታ አገኘሁት» ማለት አያድንም፤ ስምሽ ያለበት ወረቀት ነው። ነጋዴ ከመጻፉ በፊት ማጣራት አለበት። ይሄን ሁሌ እላለሁ፣ ማን ይሰማል?

ድሬ ልጅ፦ አቦ፣ ነገ እንግዳ አለባት እኮ! አዋጁን በኋላ።

ለገሀሬ፦ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? ቱሪስት ራምቦ ሲሉት ደስ ይለዋል። ተይው።

መኪና ግርግር፦ ያነበዋል እንጂ! አስጎብኚ ነኝ። ፈረንሳዮቹ የሰውየውን ታሪክ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ሐረር የገባው በ1880፣ የሞተው ማርሴይ በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። እዚሁ ሰፈራችን ያለውን «ራምቦ ቤት» እንኳን የህንድ ነጋዴ ነው ያሠራው፤ ለእንግዳ ይሄንኑ ነው የምነግረው። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. የመዘገበው ጀጎልን ነው፣ ያንቺን ቤት ለይቶ አይደለም። ስቲከሩ ላይ «በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል ውስጥ» በይ፤ እውነት ነው። ቀጥለሽ ያለሽን ጻፊ። ነደባው፣ የሳሎኑ መደብ፣ አምስት ነው? ግድግዳው ላይ የእናትሽ ስፌት አለ? ቁርስ ምን ታቀርቢያለሽ? ደግሞ የአባባን ድንጋይ ማቀበል ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ አስገቢው። እንዲህ ያለ ታሪክ ማን አለው?

ፈረስ መጋላ፦ እኔም ስቲከር ነው ያልኩት።

ሸዋ በር፦ ሁላችሁም ራምቦ ላይ ቀራችሁ። ራምቦ ከመቃብር ተነስቶ አይከሳት። ወረቀቱን ትናንት አይቼዋለሁ፤ እኔን ያሳሰበኝ ፎቶው ነው። ቀይ ነደባ፣ በስተግራ ጥግ የተሰነጠቀች ትልቅ ሳህን። ያ ቤት የአክስቴ ነው! እሷም እንግዳ ታሳድራለች። ያንቺ እንግዳ ያንን ሳሎን ፈልጎ መጥቶ ሌላ ቤት ቢገባ ምን ትያለሽ? ፎቶውን በስቲከር አትሸፍኚውም፣ የገጹ ግማሽ ነው።

ጠያቂ፦ ወላሂ እሱም ከዚያው ገጽ ነው፤ የማን ቤት እንደሆነ አላወቅኩም። አክስትሽ ቤት ዛሬ ብመጣ ይቀበሉኛል? ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

ሸዋ በር፦ ከዐስር ሰዓት በኋላ ነይ። ቡና ይዘሽ።

መኪና ግርግር፦ ቅድሚያ ግን በስልክሽ የራስሽን ሳሎን አንሺ። ጠዋት በሩን ክፍት አድርጊው፣ ብርሃኑ ነደባው ላይ ሲያርፍ። 50 ብቻ አሳትሚ፣ ለነገ ይበቃል።

ድሬ ልጅ፦ እና ምን ሆነ? አክስትየዋ ምን አሉ?