ጣርማ በር ጉም ሲይዘው እንዴት ነው የምትነዱት?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፣ መኪናዋ ቪትዝ ናት። ፍልሰታ ሲፈታ እናቴን ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት እህቷ ጋ ላደርሳት ነው። ሐምሌ ላይ ከአጎቴ ጋር መንገዱ ላይ ያለውን የጣርማ በር ተራራ ስናልፍ ዝናብ ከጉም ጋር ተደርቦ ከኮፈኑ ወዲያ ምንም አይታይም ነበር፣ አጎቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የነዳው። ረጅም መብራት ባበራ አይሻልም? ወይስ ይቅርብኝ?

የድሮ አይሱዙ፦
ረጅሙንማ እንዳትነካው! ጉም ውሃ ነው፣ ብርሃኑን መልሶ ዓይንህ ላይ ይረጨዋል፣ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆምክ ነው የሚመስልህ። አጭሩን አብራ፣ ቀኝ ጠርዙን ይዘህ ቀስ በል።
እኔን ግን ከጉሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ሮቢት 1300 አካባቢ። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ካለፍክ መውረድ ብቻ ነው። ፍሬን ረግጠህ ረግጠህ ከጋለ አይዝልህም። ገና ሳትወርድ 2ኛ ማርሽ አስገባ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ኤል (L፣ ዝቅተኛው ማርሽ) ላይ አድርጋት፣ ሞተሩ ይያዝህ። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብለህ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥተህ፣ እንዳትለቃት።

ሸዋዬ፦
አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንዳትስ? እኔ ሁሌ እንደዛ ነኝ።

የድሮ አይሱዙ፦
እህቴ እሱ ለቆመ መኪና ነው። እየሄድሽ ካበራሽው ከኋላሽ ያለው ቆማለች ይላል፣ ስትታጠፊም በምን ይወቅ?

የመንዝ ልጅ፦
ብርድ ነው ብለህ መስኮት ጥርቅም አድርገህ እንዳትዘጋ። መስታወቱ ከውስጥ ያልበውና ጉም የመሰለህ የራሳችሁ ትንፋሽ ይሆናል። አየሩን ወደ መስታወቱ አዙረው። አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅጠል ካየህ ደግሞ ከፊትህ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው፣ ወዲያው ቀንስ። ድንጋዩ ነው የባሰው። አምና አንዱ ባለ ከባድ መኪና ጎማው ሥር የወተፈውን ድንጋይ ኩርባ ላይ ጥሎት ሄዶ ጎማዬን ከነቸርኬው በላኝ። አንስቶት ቢሄድ ምን ነበረበት!

ጠያቂ፦
እናቴ በጠዋት 12 ሰዓት እንውጣ ትላለች።

የድሮ አይሱዙ፦
እማማን ትንሽ ይተኙ በላቸው፣ እኔ እንዳየሁት ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ይገለጣል። ካልተገለጠ ከአስፋልቱ ወጣ ብለህ ጠብቅ፣ ዋሻው ውስጥ ግን እንዳትቆም። ደብረ ሲና ስትደርሱ ፍሬኑ እስኪበርድ ቆሎ ግዛላቸው።