ልጆቹ ኳስ ሲይዙ ደህና ናቸው፤ ያለ ኳስ ግን ይቆማሉ

ጥያቄ፦
ከ11 እስከ 13 ዓመት ያሉ 14 ልጆች አሠለጥናለሁ። ፊት ለፊት ተሰልፈው ሲቀባበሉ ምንም አይላቸውም። ግጥሚያ ሲጀመር ግን ግማሾቹ ኳሱ ላይ ይከማቻሉ፣ ግማሾቹ ተከላካይ ጀርባ ቆመው «አቀብለኝ» ይላሉ። ምን ላሠራቸው?

መልስ 1፦
ሰልፉን ተወው፤ ተጋጣሚ ስለሌለ ልጁ የሚወስነው ነገር የለም። በኮን 8 በ8 ሜትር ካሬ ሥራና 3 ለ1 አጫውታቸው፤ ሦስቱ ይቀባበላሉ፣ አንዱ መሐል ሆኖ ይከላከላል። ሦስቱ ማዕዘን ይይዛሉ፣ አራተኛው ማዕዘን ባዶ ነው። ኳስ የያዘው ሁልጊዜ በግራም በቀኝም ባሉት ማዕዘኖች ተቀባይ ይኑረው። ተቀባዩ በሰያፍ ከቆመ ተከላካዩ መሐል ገብቶ ይዘጋዋል።

ስለዚህ ኳስ ሲቀበሉ ወደ ባዶው ማዕዘን የሚሮጠው ያቀበለው ሳይሆን ሦስተኛው ልጅ ነው። «አቀብለህ ሩጥ» እያልን የምንጮኸው እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ያቀበለው ከሄደ ኳሱን የሚመልሱበት ይጠፋል። ሩጫው ኳሱ መንገድ ላይ እያለ ይጀመር። ተከላካዩን በየደቂቃው ቀይር፤ የደከመ ተከላካይ ሁሉንም ጎበዝ ያስመስላል።

መልስ 2፦
በዚህ ካሬ ፋንታ መሐል ባልገባን አታሠራ፤ ክብ ላይ ቆመው ስለሚጫወቱት ለማሟሟቂያ እንጂ ለእንቅስቃሴ ብዙ አይረዳም።

ካሬው የማይሸፍነው ከጠባቂ ማምለጥን ነው። ልጁ ከሚፈልገው ቦታ በተቃራኒ ሁለት ሦስት እርምጃ በዝግታ ይሂድ፤ ጠባቂው ሲከተለው ፈጥኖ ይመለስ። የመነሻው ምልክት አቀባዩ ኳሱን አብርዶ (ተቆጣጥሮ) ቀና ማለቱ ነው። ከዚያ ቀድሞ ከተነሳ ቦታው ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ጠባቂውም ይደርስበታል። ኳሱ ሳይመጣም ዞር ብሎ ኋላውን ይይ። ከጀርባው ቆመህ ጣት አሳየው፤ ኳሱን ሲያበርድ ስንት እንደነበር ይንገርህ። በዚህ ማስመሰል የለም።

ጠያቂው፦
3 ለ1 ላይ ከሦስት ቅብብል አያልፉም። ካሬውን ላስፋው?

መልስ 1፦
10 በ10 አድርገው፣ አንድ ልጅ ኳሱን ስንት ጊዜ እንደሚነካ ገደብ አድርገህ ከሆነም ለጊዜው አንሳው። ግን የኳሱን ፍጥነት እይ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው ስለሚዘገይ ነው። የቆመው እግር ከኳሱ ጎን ሆኖ ጣቱ ወደ ተቀባዩ ይዙር፣ የሚመታው ቁርጭምጭሚት አይላላ፣ የኳሱን ወገብ በውስጥ እግር ይምታ። ኳሱ እየዘለለ ከሄደ ከሥሩ ነው የመታው። ስምንት ቅብብል ሲደርሱ ወደ ሁለት ንክኪ ግባ።