ተቅማጥ የለውም ብላችሁ አትዘናጉ

እህቴ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባንና አንጀትን በወፍራም ንፍጥ የሚያስቸግር፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ስላለበት ወንድምሽ የሆድ ሕመም የጠየቅሽውን አየሁት። ሐኪም አይደለሁም፤ ባለቤቴም ይኸው በሽታ ስላለበት ግን ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ። ወንድምሽ ለሳንባው አንቲባዮቲክ ወስዶ ሆዱ ከተነፋና ካተኮሰው፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

የሚያሰጋው ሲ ዲፍ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ካለባቸው ሰዎች ቀላል የማይባሉት ምንም ሳይሰማቸው አንጀታቸው ውስጥ ይዘውት ይኖራሉ። አንቲባዮቲኩ ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ሲጠርግ ሜዳው ለእሱ ይለቀቃል። ከዚያ መርዝ ያመነጫል፤ ትልቁ አንጀት ይቆጣል። ሌላው ሰው ላይ ተቅማጡ ቶሎ ያጋልጠዋል። እነሱ ላይ ግን አንዳንዴ ተቅማጥ የሚባል ነገር የለም። ሆድ መነፋት፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት፣ በደም ምርመራ ደግሞ የነጭ ደም ሴል መብዛት፤ በቃ።

ችግሩ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለባቸው ሰዎች ሌላም የሆድ ጣጣ አላቸው። ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሰገራው ከወፍራም ንፍጥ ጋር ተጋግሮ ይዘጋል። ሐኪሙ "ያው የተለመደው ነው" ብሎ ማስለቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ሊሸኛችሁ ይችላል። ሲቲ ስካን ሲነሳ ግን የትልቁ አንጀት ግድግዳ አብጦ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። የሰገራ ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ) ብቻውን አይበቃም። ባክቴሪያው መኖሩን እንጂ መርዝ እየረጨ መሆኑን አይናገርም።

ያላችሁበት አገር ቋንቋ ገና ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቂ። "ተቅማጥ አለው?" ሲሉሽ "የለውም" ብለሽ እዚያ ላይ አታቁሚ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ እንዳለበት ንገሪያቸው፤ የወሰዳቸውን አንቲባዮቲኮች ከነቀናቸው ጽፈሽ ስጫቸው፤ "ሲ ዲፍ ይሆን?" ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ሳንባ ተተክሎለት ከሆነ ይህን መጀመሪያ ተናገሪ፤ የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት ስለተዳከመ ነገሩ በፍጥነት ሊከፋ ይችላል። የሳንባ ሐኪሙም ይደወልለት።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ በአፍ የሚወሰድ ቫንኮማይሲን ወይም ፊዳክሶማይሲን ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ቫንኮማይሲን አንጀቱ ውስጥ በበቂ አይደርስም። በጣም ሲጠና በደም ሥር ሜትሮኒዳዞል ይጨመራል፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪምም ይጠራል። የሳንባውን አንቲባዮቲክ በራሳችሁ አታቋርጡ። ተቅማጥ ከጀመረውም ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቆሚያ ኪኒን አትስጡት።

ደግሞ ለጠያቂዎች ንገሪልኝ፦ በር ላይ የተሰቀለው የአልኮል ጄል ይህን ባክቴሪያ አይገድለውም። እጅ በሳሙናና በውሃ ነው የሚታጠበው።