የሳቫና ወደብ መተላለፊያ መጥለቁ ውሃውንና ዓሳውን ምን ያደርገዋል?

ሳሚ_ፑለር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጆርጂያ ውስጥ፣ ከሳቫና ወጣ ብሎ ፑለር ነው የምኖረው፣ ኮንቴይነር ነው የምጭነው፣ ቀኔን የማሳልፈው ጋርደን ሲቲ ተርሚናል ነው። እንጀራዬ ወደቡ ስለሆነ ትልልቅ መርከብ ሲገባ ደስ ይለኛል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ዓሳ ለማጥመድ ወንዙ ዳር ስንቀመጥ እዚያው ያደጉ ሽማግሌዎች የሚያወሩት ነገር ያሳስበኛል። መርከብ በወንዙ የሚገባበት መተላለፊያ ከ42 ጫማ ወደ 47 ጫማ እንዲጠልቅ ተደርጎ በ2022 አለቀ፣ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። አሁን ደግሞ የወደቡ አስተዳደር ከዚህም በላይ ይጥለቅልኝ እያለ ነው። ከወንዝ ስር አምስት ጫማ ጭቃ ቢወጣ ምን ይመጣል? ወጣ፣ አለቀ አይደለም እንዴ? የሚጠጣው ውሃስ? የሚያውቅ ሰው ካለ ዘርዘር አድርጎ ያስረዳኝ፣ ልጄም አላስቀመጠኝም።

ሂሩት_የውሃ፦
ሳሚ፣ ከጭቃው ይልቅ ጨዉን አስብ። የባህር ውሃ ከወንዝ ውሃ ይከብዳል። ባህሩ በሞላ ቁጥር ከስር ስር እየተሳበ ወደ ላይ ይገባል፣ የወንዙ ውሃ ደግሞ በላዩ ላይ ወደ ባህር ይወርዳል። ወለሉ በጠለቀ ቁጥር ጨዉ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እዚያ የሳቫና የዱር እንስሳት መጠለያ አለ፣ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ረግረግ ነው። ጨው ሲደርስበት ሣሩ ይለወጣል፣ ሣሩ ሲለወጥ ወፉም ዓሳውም ቦታ ይለቃል።

ሁለተኛው ኦክስጅን ነው። ከባዱ ውሃ ከታች ሲተኛ ከላይኛው ጋር አይደባለቅም፣ አየር የሚያገኘው የላዩ ብቻ ይሆናል። ሰመር ላይ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ሲባል ሁለት ቦታ የኦክስጅን ጣቢያ ተተክሏል፣ አንዱ ሀቺንሰን ደሴት ላይ፣ ሌላው ወደ ላይ ኤፊንግሃም ካውንቲ። ትልልቅ የብረት ሾጣጣዎች ናቸው፤ የወንዙን ውሃ በቱቦ ይስባሉ፣ በግፊት ኦክስጅን ያስገቡበታል፣ መልሰው ወንዙ ውስጥ ይለቁታል። መተላለፊያው ጥልቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ሙቀት በመጣ ቁጥር መስራት አለባቸው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። አንድ ዓመት የጥገናው በጀት ቢቆረጥ ወይ ሰው ቢዘናጋ፣ የሚታፈነው ዓሳው ነው።

ስለሚጠጣው ውሃ፦ የሳቫና ከተማ ወንዙን የሚቀዳው አበርኮርን ክሪክ የሚባል ጅረት ላይ ነው። ጨዉ ወደዚያ ሲጠጋ ክሎራይድ የሚባለው የጨው ንጥረ ነገር ይጨምራል፣ ክሎራይድ የበዛበት ውሃ ደግሞ የቆየ የሊድ (የእርሳስ ብረት) ቧንቧ ይበላል፣ ሊዱ ቤት ይገባል። ስለዚህ 97 ሚሊዮን ጋሎን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ተሰራ። ክሎራይዱ ሲያሻቅብ ከተማው ከዚያ ይቀዳል። ፕሮጀክቱ ከ970 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲፈጅ ግማሽ ያህሉ የሄደው እንዲህ ላለው ለአካባቢ ጥበቃ ነው። ጉዳቱ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ብር የሚያወጣ ሰው አይገኝም ነበር።

ጭቃውም ቢሆን ዝም ብሎ አይጣልም። አንዳንዱ ላይ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ስለተገኘበት ለብቻው ተደፍቶ በሌላ አፈር እንዲሸፈን ነው የታቀደው።

መረብ_ጣይ፦
ሽማግሌዎቹ የሚያወሩት በባዶ ሜዳ አይደለም። በ1977 ባክ ሪቨር በሚባለው የሳቫና ወንዝ ቅርንጫፍ ላይ የውሃ በር ተሰራ። ባህሩ ሲሞላ ውሃውን አስገብቶ፣ ሲመለስ ይዘጋና ውሃው በመርከቡ መተላለፊያ በኩል በኃይል ደለሉን እየጠረገ እንዲወጣ ነበር ሐሳቡ። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን በሩ ጨዉን ሽቅብ ገፋው። ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሳ እንቁላሉን የሚጥለው ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ነው፣ እንቁላሉ እየተንሳፈፈ ነው የሚፈለፈለው። ቶሎ ወደ ጨው ከወረደ አለቀለት። ዓሳው ተመናምኖ በ1988 ማጥመድ ተከለከለ፣ የውሃ በሩ ስራ ያቆመው በ1991 ነው፣ እንደገና መያዝ የተፈቀደው በ2005። አንድ በር አንድ ትውልድ ሙሉ ዓሳ አሳጣ። ስለዚህ ሳሚ፣ ሽማግሌዎቹን ስማቸው።

ማያሚ_ልጅ፦
እኛ ጋ ደግሞ ኮራሉ ነው ያለቀው፣ ባህር ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖር ድንጋይ መሳይ እንስሳ ነው። የማያሚ ወደብ የፓናማ ካናል ሲሰፋ ለሚመጡት መርከቦች ተብሎ ከ2013 እስከ 2015 ተቆፈረ። ድንጋዩ ሲፈጨ የሚወጣው ነጭ ደቃቅ አፈር ሪፉ ላይ፣ ማለት ኮራሉ በሰራው የባህር ስር ድንጋይ ላይ፣ ወርዶ ተኛ። ኮራል ደግሞ ተነስቶ አይሄድ፣ ከላዩ የሚራገፍ ነገር ሲበዛበት ይታፈናል። ያኔ በሽታ ነው የገደለው ተባለ፣ እውነት ነው በ2014 የኮራል በሽታ ገብቶ ነበር። ግን በ2019 የወጣ ጥናት ከመተላለፊያው በ500 ሜትር ውስጥ ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮራል በቁፋሮው ሳቢያ እንደሞተ ገመተ። ቁፋሮው ካለቀ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

ሳሚ_ፑለር፦
እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ውሃው ሲደፈርስ አይቼ ይጠራል ብዬ ነበር የማስበው። ሂሩት፣ አንድ ልጨምር፦ ልጄ ስለ ባህር ኤሊ በትምህርት ቤት ተምሮ መጥቶ መርከቡ ይበላቸዋል እንዴ አለኝ።

ሂሩት_የውሃ፦
ልክ ነው ልጅህ። አንዱ ዓይነት የቁፋሮ መርከብ አፈሩን እንደ ቫክዩም ስቦ ነው የሚያወጣው፣ ወለሉ ላይ የተኛች ኤሊ ካለች አብራ ትሳባለች። ለዚህ ነው ጆርጂያ ውስጥ ይህ ስራ በብርዱ ወራት፣ ከታህሳስ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሲሰራ የኖረው፣ ኤሊዎቹ ያኔ ጥቂት ናቸው። ችግሩ በዚያው ወራት ራይት ዌል የሚባለው ሊጠፋ የተቃረበ ዓሳ ነባሪ ለመውለድ ወደዚሁ ዳርቻ ይመጣል፣ መርከብ እንዳይገጨው ያሰጋል። ገደቡ ተነስቶ ብረንዝዊክ ወደብ ላይ ሰመር ይቆፈር ሲባል ዋን ሀንድረድ ማይልስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2021 ፍርድ ቤት ሄደ። እኔ ከነሱ ጋር ነኝ፣ ኤሊዎቹ እንቁላል ሊጥሉ በሚመጡበት ሰዓት መቆፈር ተገቢ አይመስለኝም።

ስለ ቀጣዩ ማጥለቅ ግን እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የተገባው ቃል ከቁፋሮው በፊት ይፈጸም። ወንዙን ሽቅብ፣ ኦገስታ ከተማ አጠገብ በ1937 በተሰራው ግድብ ላይ፣ ለመተላለፊያው መጥለቅ ማካካሻ ስተርጅን የተባለው ዓሳ የሚሻገርበት መንገድ ይሰራል ተብሎ ነበር። የኦገስታ ሰው ግድቡ ሲፈርስ የውሃው ከፍታ ይወርድብናል ብሎ ተሟገተ፣ እነሱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። መርከቦቹ በ47 ጫማ መግባት ሲጀምሩ የዓሳው መንገድ ገና አልተሰራም ነበር። የአካባቢ ጥናት ረቂቅ ሲወጣ ለሕዝብ አስተያየት ይከፈታል፣ ስደተኛ ነኝ፣ እንግሊዝኛዬ አይመቸኝም ብለህ አትተው። አንተ ከወደቡም ከወንዙም የምትኖር ሰው ነህ። ረቂቁ ሲወጣ እዚህ እለጥፋለሁ፣ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን።