የኮሞዶር 64 የኃይል መብራት ጠፍታለች፣ ኮምፒውተሩ ግን ይሠራል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ከቀረበው የቤት ኮምፒውተር፣ ከኮሞዶር 64፣ አንዱ በእጄ ይገኛል። ባለፈው ሳምንት የቁልፍ ሰሌዳውን ለማጽዳት ክዳኑን ከፍቼ ከገጠምኩት ወዲህ ቀይዋ የኃይል መብራት ስትደበዝዝና ስትርገበገብ ቆይታ ከትናንት ጀምሮ ጨርሶ ጠፍታለች፤ ምስሉና ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው ናቸው። ፓወር ሳፕላዩ (ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) አብሮት የመጣው የጥንቱ ነው። መብራቷን ብቻ ብቀይር ይበቃል?

መልስ 1፦
ይበቃል ብዬ አስባለሁ። በቀይ ኤልኢዲ (ባለ ሁለት እግር ትንሽ መብራት) ይተኳት፤ ረጅሙ እግር የፖዘቲቭ መሆኑን ግን አይርሱ፤ ተገልብጣ ከተገጠመች አትበራም።

መልስ 2፦
ምክሩ ስሕተት ባይሆንም ቅደም ተከተሉ ያሳስበኛል። መብራቷ የምትሠራው ፕሮሰሰሩና የሜሞሪ ቺፖቹ በሚጠቀሙበት በዚያው የ5 ቮልት መስመር ነው። የጥንቶቹ ፓወር ሳፕላዮች ውስጣቸው በደረቀ ሙጫ የተሞላ በመሆኑ ሙቀት በቀላሉ አይወጣላቸውም፤ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያቸው ሲበላሽም ብዙ ጊዜ ኃይሉን በማቋረጥ ፋንታ ከ5 ቮልት በላይ ይለቅቃሉ፣ ያን ጊዜ የሜሞሪ ቺፖቹ ይቃጠላሉ። መብራት 5 ቮልትን ከ6 ቮልት ለይታ ስለማትነግርዎት፣ እባክዎ ሳይለኩ ኮምፒውተሩን ደግመው አያብሩት።

የፓወር ሳፕላዩን መሰኪያ ከኮምፒውተሩ ነቅለው በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) በፒን (በመሰኪያው እግር) 5 እና በፒን 2 መካከል በዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት)፣ በፒን 6 እና 7 መካከል ደግሞ በኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ይለኩ። የፒኖቹ ቁጥር በተርታ ስለማይሄድ የመሰኪያውን ሥዕላዊ መግለጫ አስቀድመው ይመልከቱ። የመጀመሪያው ከ5.25 ቮልት ካለፈ ፓወር ሳፕላዩን አይጠቀሙበት፤ ሁለተኛው 9 ቮልት ወይም ጭነት ስለሌለበት ጥቂት ከፍ ያለ መሆን አለበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞቆ ሳለም ይድገሙት።

ጠያቂው፦
ሲበርድ 5.08፣ ሲሞቅ 5.11 ቮልት አገኘሁ። ኤሲውም ደኅና ነው።

መልስ 3፦
እንግዲያው ወደ መብራቷ እንመለስ። ማብሪያ ማጥፊያው ቢሆን ኖሮ መብራቷ በተርገበገበች ቁጥር ኮምፒውተሩም እየጠፋ በተነሣ ነበር። መብራቷ በላይኛው ክዳን ላይ ስለተተከለችና ሽቦዋ ወደ ማዘርቦርዱ (ቺፖቹ ወደተተከሉበት ሰሌዳ) ስለሚወርድ፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሽቦው ይጎተታል፤ እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው። መሰኪያውን ከማዘርቦርዱ ይንቀሉና መልቲሜትሩን በዳዮድ መለኪያ ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች ይንኩ። ደኅና ከሆነች በደብዛዛው ትበራለች፣ ንባቡም ወደ 1.8 ቮልት ይጠጋል። ካልበራች ሽቦውን በቀስታ እያወዛወዙ ይሞክሩ። ሽቦው ሳይወዛወዝ ከበራች ግን ችግሩ በማዘርቦርዱ በኩል ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ያለውን ሬዚስተር (ጅረቱን የሚገድበውን ክፍል) እና ብየዳውን ይመርምሩ።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፦ በቀደሙት ቦርዶች ላይ የ9 ቮልቱ ፊውዝ ሲቃጠል መብራቷ እየበራች ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፣ ምክንያቱም የምስል ቺፑ ኃይል የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው።

ጠያቂው፦
እንዳሉት ሽቦው ነበር። ከመብራቷ እግር አጠገብ፣ በላስቲኩ ሽፋን ውስጥ ተበጥሶ ስለነበር ከውጭ አይታይም፤ ሳወዛውዘው ግን ብልጭ አለች። የተበጠሰውን ቆርጬ በየድኩት፣ መገጣጠሚያውንም በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ሸፈንኩት። አሁን ሳትርገበገብ እየበራች ነው። ፓወር ሳፕላዩ ዛሬ ደኅና ቢለካም አዲስ እስካገኝ ድረስ ኮምፒውተሩን ለረጅም ሰዓት አላበራውም። ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።