ባትሪ የፈሰሰበት ጓሮ እንዴት ይጸዳል?

ሰላም ወገኖች፣ የገባችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ቤታችን ግንፍሌ ወንዝ አጠገብ ነው። ጓሮው ድሮ ለዓመታት የመኪና ባትሪ መጠገኛ ነበር። ትናንት ለጎመን ስቆፍር ግራጫ የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) ስባሪና የባትሪ ቅርፊት ወጣ። ክው አልኩ። የሁለት ዓመት ልጄ የምትጫወተው እዚያው አፈር ላይ ነው፤ እጇን ደግሞ ከአፏ አታወጣም።

እርሳስ በስብሶ አይጠፋም። ኖራና ኮምፖስት ወደ ተክል የሚገባውን ይቀንሳሉ እንጂ ከአፈሩ አያወጡትም። አንዳንድ የጎመን ዘር ዘመዶች እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶችን ከአፈር ይስባሉ፤ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ የበቀለውም አይበላም። የላይኛውን አፈር ጠርጌ ላውጣ ብል የት ልድፋው? ወንዙ ውስጥማ አላደርገውም።

አፈር ለእርሳስ የሚመረምር ላብራቶሪ የምታውቁ አላችሁ? ናሙናስ ከስንት ቦታ ልውሰድ? እስከዚያ በንጹህ አፈር ልሸፍነው ወይስ ሲሚንቶ ላልብሰው?